ልጄ ፊት የገዛ ተጫዋቻችንን ሰደብኩት

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ37 ዓመት ሰው ነኝ። ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ፤ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የከተማችን ቡድን ቲፎዞ ነኝ፤ አባቴም እንደዚሁ ነበር። ዘንድሮ ውድድሩ በእኛ ከተማ ስለሚካሄድ ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ይዤው ገባሁ። ማልያ ገዛሁለት። የራሴን ስካርፍ አጠለቅኩለት።

1 ለ 0 እየመራን ነበር። በ60ኛው ደቂቃ አካባቢ ተከላካያችን ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ወጣ። የመጀመሪያውን ያየው በእጅ ውርወራ ከዳኛው ጋር ተጨቃጭቆ ነው። ሁለተኛውን ደግሞ መሃል ሜዳ ላይ፣ በመልሶ ማጥቃት የሚሮጥ አጥቂ ማልያ ጎትቶ። ለእኔ ቀይ የሚያሰጥ አልነበረም። ከዚያ ሁለት ጎል ገባብንና 2 ለ 1 ተሸነፍን። በገዛ ሜዳችን!

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ተጫዋቹ ወደ መልበሻ ክፍል ሲሄድ በእኛ በኩል ነው ያለፈው። እናቱን ጠርቼ ሰደብኩት። የያዝኩትን ሃይላንድ ወረወርኩ። ማንንም አልመታም፤ ግን አንድ ኳስ አቀባይ ልጅ አጠገብ ወደቀ። ማታ ደግሞ በደጋፊዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ‹ጨዋታውን ሸጦታል› ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ሰው ተቀባበለው።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ አንድ ቃል አልተናገረም። ስካርፏን አውልቆ ባጃጁ ወንበር ላይ ትቷት ወረደ። ረስቷት መስሎኝ አነሳኋት። በሦስተኛው ቀን ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲጫወቱ አንድ ጓደኛው ኳስ ሳተና ጎል ገባባቸው። ልጄ ያንኑ የእኔን ስድብ፣ ቃል በቃል፣ ሲሳደብ ባለቤቴ ሰማችው። ከእንግዲህ ልጁ ሜዳ አይሄድም ብላለች።

እኔም አፍሬያለሁ። በዳኛው ግን አሁንም ንድድ ይለኛል። መናደዴ ጥፋት ነው? ለልጄ ምን ልበለው? ተጫዋቹ ከቅጣት ሲመለስ ጓደኞቼ ሊጮሁበት ተስማምተዋል። አብሬያቸው ልሁን?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ በዕድሜ ታላቅህ ነኝና አንተ ልበልህ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ያቆመችኝ ያቺ ስካርፍ ናት። ልጅህ አልረሳትም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አባቱ ያጠለቀለትን ስካርፍ ባጃጅ ውስጥ አይረሳም። ይህንን አንተም የምታውቀው ይመስለኛል። ባታውቀው ኖሮ አትጽፍልኝም ነበር።

መጀመሪያ ስለ ንዴቱ። መናደድህ ጥፋት አይደለም። እየመራህ፣ በሜዳህ፣ በሕዝብህ ፊት፣ በአንድ ካርድ ሁሉ ነገር ሲገለበጥ ደም የማይፈላበት ሰው ቲፎዞ አይደለም። እኔም ደርሶብኛል። ደርሶብኝ የሠራሁትን ልንገርህ።

እኔ የማንቼ፣ የማንችስተር ዩናይትድ፣ ደጋፊ ነኝ። የካቲት 26 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ማታ። ማንቼና ሪያል ማድሪድ በኦልድትራፎርድ። ጨዋታው የሚጀምረው ከምሽቱ 4፡45 ነው፤ ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ግን ከ3 ሰዓት ጀምሮ ጢም ብሏል። በመጀመሪያው ጨዋታ ማድሪድ ላይ 1 ለ 1 ወጥተን መጥተናል። ከዕረፍት መልስ የማድሪዱ ራሞስ በራሱ ላይ አገባና መራን። ቤቱ ተናወጠ። በ56ኛው ደቂቃ የእኛው ናኒ ከላይ የመጣች ኳስ ሊያወርድ እግሩን አነሳ። የማድሪዱ ተከላካይ አርቤሎዋ ከጎኑ መጣ፤ እግሩ ሰውነቱ ላይ አረፈ። ቱርካዊው ዳኛ ጁኔይት ቻኪር ቀጥታ ቀይ ካርድ አወጣ።

ናኒ ኳሷን እንጂ ሰውየውን አላየም ብዬ ዛሬም እከራከራለሁ። ሌላው ደግሞ እግሩ ከፍ ብሏል፣ ለሰው አደገኛ ነው ይላል። ከአሥር ዓመት በላይ አለፈው፤ ክርክሩ አሁንም አላለቀም። በ66ኛው ደቂቃ የማድሪዱ ሞድሪች ከሳጥኑ ውጪ አክርሮ መታና አገባ። በ69ኛው ሮናልዶ፣ የገዛ ልጃችን፣ የቀድሞ ተጫዋቻችን፣ ጨመረ። አለቀ።

ያን ማታ እኔ ምን አደረግኩ? ጥግ ላይ ቆሞ ሻይ የሚያቀብል የ15 ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። የማድሪድ ደጋፊ ነው። ሁለተኛው ጎል ሲገባ ፈገግ አለ። ተነስቼ ኮሌታውን ጨምድጄ ያዝኩት። ሰው ገላገለን። ልጁ ምንም አላደረገኝም። ዳኛው ማንችስተር ነው ያለው፣ ናኒም ማንችስተር። ልጁ ግን እጄ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነበር። በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ችግር የለም ጋሼ» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እኔ ስገባ ሻዩን የሚያመጣልኝ ሌላ ልጅ ሆነ። ያ ነገር ከሽንፈቱ በላይ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

አንተም ጋ የሆነው ይኸው ነው። የተናደድከው በዳኛው ነው። ራስህ ጽፈኸዋል። ስድቡ የሄደው ግን በአጠገብህ ወደሚያልፈው ልጅ ነው። ሃይላንዱ የወደቀው ደግሞ ከነገሩ ሁሉ ውጪ በሆነው፣ ኳስ ከማቀበል ሌላ ሥራ በሌለው ልጅ አጠገብ። ንዴት በደለኛውን ፈልጎ አይሄድም። ቅርብ ያገኘውን ነው የሚይዘው።

በዚያ ምሽት ጨዋታ ላይ ቆይቶ የገባኝ ሌላም ነገር አለ። ከቀዩ ሦስት ደቂቃ በኋላ የማድሪዱ አሰልጣኝ ሞሪንሆ አርቤሎዋን ራሱን አስወጥቶ ሞድሪችን አስገባ። አንድ ተከላካይ ቀንሶ አንድ አቀጣጣይ ጨመረ ማለት ነው። እኛ ግን በዚያ ሰዓት ዳኛውን እየሰደብን ነበር፤ ቅያሪውን ያየ አልነበረም። ጨዋታው የተገለበጠው እዚያ ጋ ነው። ይህንን የምነግርህ ያለ ምክንያት አይደለም። ቀይ ካርድ ሲወጣ የቲፎዞ ዓይን ካርዱ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው 30 ደቂቃ አይታየንም። ከዚያም የሽንፈቱን ዕዳ ጠቅላላ በወጣው ልጅ ላይ እንጽፈዋለን። የእናንተን ሁለት ጎሎች እስቲ አስታውሳቸው። እንዴት ገቡ? ማን ነበር የቆመው? ከደብዳቤህ ላይ ስለ ጎሎቹ አንድ መስመር አላገኘሁም።

ስለ ዳኛውም እውነቱን ልንገርህ፤ አትቀየመኝ። እኔ ሜዳው ላይ አልነበርኩም። አንተ እንደጻፍክልኝ ከሆነ ግን ሁለቱም ቢጫ ትክክል ናቸው። ዳኛን በቃል መጋፋት ቢጫ ነው። እየተፈጠረ ያለ ጥሩ የማጥቃት ዕድል ማልያ ጎትቶ ማቆምም ቢጫ ነው፤ መሃል ሜዳ መሆኑ አያድነውም። ተጫዋችህን የጎዳችው ሁለተኛዋ ሳትሆን የመጀመሪያዋ ናት። በአፍ የመጣች ቢጫ።

አርሰናሎች ይህንን በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 በሜዳቸው ኤሚሬትስ ላይ ማንችስተር ሲቲን በሳካ ጎል እየመሩ ነበር። ከዕረፍት በኋላ ለሲቲ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ። ተከላካያቸው ጋብሪኤል ተቃወመ፣ ቢጫ አየ። የሲቲው ማህሬዝ አገባ። ሁለት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ጋብሪኤል የሲቲው ጄሱስ ላይ ጥፋት ሠራና ሁለተኛውን አየ። በ59ኛው ደቂቃ አሥር ሆኑ። እስከ 90ኛው ደቂቃ ታግለው ቆዩ፣ በ93ኛው የሲቲው ሮድሪ ጣላቸው። 2 ለ 1፣ በሜዳቸው። የእናንተን አይመስልም? ያን ቀን የአርሴ ጓደኞቼ ዳኛውን ብቻ ነበር የሚያነሱት። ጋብሪኤል ግን ቡድኑ ውስጥ ቆየ። ደጋፊውም አልጣለውም። ኋላ የአርሰናል የመከላከል ምሰሶ የሆነው ያው ሰው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. የት ነበርክ? ሂሳቡን ሳሰላው ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ ነህ፤ መቼም አትረሳውም። 31 ዓመት ጠብቀን ለአፍሪካ ዋንጫ ተመልሰናል። ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት። ተጋጣሚያችን የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ። ስታዲየሙን ቢጫና አረንጓዴ የለበሰ የሀበሻ ልጅ ሞልቶታል። ከጆሃንስበርግም ከሌላውም ከተማ ሱቁን ዘግቶ የመጣ ነው። ሜዳው የእነሱ ባይሆንም ያን ቀን የእኛ ሆኖ ነበር። አጥቂያችን ሳላዲን ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ። ትንሽ ቆይቶ በረኛችን ጀማል ጣሰው ከሳጥኑ ወጥቶ እግሩን አንስቶ የዛምቢያውን ተጫዋች መታውና ቀይ ካርድ አየ።

ያኔ ምን ሆነ? ከደጋፊው መሃል ቩቩዜላና የውሃ ላስቲክ ወደ ሜዳ ዘነበ። ጨዋታው ተቋረጠ። እኔ በቴሌቪዥን ነበር የማየው። 31 ዓመት የጠበቀ ሕዝብ በራሱ ቡድን ጨዋታ ላይ ላስቲክ ሲወረውር ሳይ ሆዴ ባባ። ንዴታቸው ይገባኛል። አንድ ነገር ግን አሰብኩ። በዚያች ሰዓት ተጠባባቂው በረኛችን ጓንቱን እያጠለቀ ነው። ድንገት ተነስ የተባለ ሰው ነው። የአህጉሩ ሻምፒዮን ፊት ሊቆም ነው፣ በአሥር ሰው። ያ ሁሉ ጩኸት ለእሱ ነበር የሚያስፈልገው።

ከዕረፍት በፊት የዛምቢያው ምቤሱማ አገባብን። ከዕረፍት መልስ ግን የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች በአሥር ሰው ሲጫወቱ ጎደሎ አይመስሉም ነበር። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አስቆጠረ። 1 ለ 1። ስታዲየሙ እንዴት እንደሆነ ታስታውሳለህ። ቩቩዜላውን የወረወረ ሰው በዚያች ደቂቃ የሚነፋው አልነበረውም።

ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ከቡርኪና ፋሶ ጋር ስንጫወት በቀይ የወጣው የእነሱ በረኛ ነው። 1 ለ 0 እየመሩን አሥር ቀሩ። እኛ አሥራ አንድ ነን። 4 ለ 0 ተሸነፍን። ሦስቱን ጎል ያገቡብን በአሥር ሰው ሆነው ነው። እንግዲህ ቀዩ ነው ያሸነፈን የሚለውን እዚህ ላይ አቁመን እናስብ። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በዚያው ከተማ፣ ጎድለን አቻ ወጣን፣ ሞልተን ተሸነፍን።

አሁን ከሁሉም በላይ ወዳስጨነቀኝ ነገር ልግባ። እሱም ቴሌግራሙ ነው።

ሜዳ ላይ የተሰደበ ስድብ መጥፎ ነው፣ ግን ከጩኸቱ ጋር ይሄዳል። «ሸጦታል» ብለህ የጻፍከው ግን አሁንም እዚያው ነው። ይህ ስድብ አይደለም፤ ክስ ነው። አንድ ሰው ጓደኞቹን፣ ደሞዝ የሚከፍለውን ክለብና የገዛ ከተማውን ለገንዘብ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ማስረጃ አለህ? የለህም። ቢኖርህ ኖሮ ትጽፍልኝ ነበር። ማልያ ስለጎተተ ብቻ ነው ያልከው። ጨዋታ የሸጠ ሰው ደግሞ እየመራ በእጅ ውርወራ ከዳኛ ጋር አይጣላም። ለቡድኑ የተቆጣ ሰው ነው እንዲያ የሚያደርገው። አንተን ያናደደህ እሱንም አናዶታል።

በእኛ አገር ሊጎች ውስጥ የሚጫወት ልጅ ኑሮ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ። ኮንትራቱ አጭር ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ሌላ ክለብ ይፈልጋል። የሚቀጥረው አሰልጣኝ ስለ እሱ ሲጠይቅ የሚሰማው ወሬ ነው። «ጎበዝ ነው፣ ግን አንዴ ይሸጣል ተብሎ ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት እንደምትከተለው አስብ። ደግሞስ ከተማው ትንሽ ነው። ታናሽ ወንድም ካለው ትምህርት ቤት ውስጥ ይሰማዋል። እናቱ ገበያ ስትወጣ ትሰማዋለች። አንተ እኮ እናቱን ሁለት ጊዜ ነው የነካሃት፤ አንዴ በአፍህ፣ አንዴ በጣትህ።

ስለዚህ ይህንን ጽሑፍ አንብበህ ስትጨርስ መጀመሪያ ስልክህን አንሳ። መልእክቱን አጥፋው። ማጥፋት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል ብለሃል። እዚያው ግሩፕ ላይ፣ በራስህ ስም፣ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ «ባለፈው ጨዋታውን ሸጦታል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምንም ማስረጃ የለኝም። ተናድጄ ነው የጻፍኩት። ተጫዋቹን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያስተላለፋችሁት ካላችሁ አጥፉልኝ።» ይኸው ነው። «ግን ዳኛውም…» ብለህ አትጨምርበት። ሁለቱን ከቀላቀልካቸው ይቅርታው ይጠፋል። አንዳንዱ ይስቅብህ ይሆናል። ይሳቅ። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰው በልቡ «እኔም ጽፌ ነበር» ይላል።

ተጫዋቹንም ፈልገህ አግኘው። በእናንተ ከተማ አንድ ሰው ሳይርቅ የሚያውቀው አለ። ልምምድ ሲያበቃ ጠብቀው። ብዙ አታውራ። «ያን ቀን የሰደብኩህ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ» በለው። ላያናግርህ ይችላል። መብቱ ነው። አንተ የሄድከው እንዲያቅፍህ አይደለም።

አሁን ወደ ልጅህ። ልጆች ምክር አይወዱም፤ እኔም ምክር ስጠው አልልህም። ቁጭ አድርገህ «ስማኝ ልጄ፣ በሕይወት ውስጥ…» ብለህ ከጀመርክ ጠፍቶሃል። ዳቦ ልትገዙ ስትሄዱ፣ ወይም ጫማውን ስታስርለት፣ በአጭሩ ንገረው፦ «ሜዳ ላይ የተሳደብኩት ነውር ነው። ላስቲክ መወርወሬም ጥፋት ነው። ያ ተጫዋች እናት አለው። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እውነት እንድትሆን መጀመሪያ ተጫዋቹን አግኝ ያልኩህ ለዚህ ነው። ልጁ ዝም ሊል ይችላል። ዝምታውን አትሙላው።

እሱ የሰደበው ጓደኛው ጋም አብራችሁ ሂዱ። አትገርፈው፣ በሰው ፊት አታሸማቅቀው። ስድቡን የሰማው ከአንተ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ አጠገቡ ቁም። «ይህንን ስድብ ከእኔ ነው የሰማው፤ ሁለታችንም ይቅርታ እንጠይቃለን» ብለህ አንተ ጀምርለት። ያ ኳስ አቀባይ ልጅም አይረሳ። በሚቀጥለው ጨዋታ ሜዳ ዳር ታገኘዋለህ።

ልጅህ ከተጨዋወተ በኋላ፣ ልቡ ሲለሰልስ፣ የካርዱን ታሪክ አጫውተው። ይወደዋል። በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝና አርጀንቲና ሲጫወቱ የአርጀንቲናው አምበል ራቲን እንዲወጣ ተወሰነበት። ዳኛው ጀርመናዊ ነው፣ ተጫዋቹ የሚናገረው ስፓኒሽ ነው። አይግባቡም። ራቲን አልወጣም ብሎ ብዙ ደቂቃ ቆመ። በዚያ ውድድር የዳኞች ኃላፊ የነበረው እንግሊዛዊው ኬን አስተን ነገሩ ሲከነክነው ቆየና መኪና እየነዳ የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ሐሳቡ መጣለት። ቢጫ፣ ተጠንቀቅ። ቀይ፣ ቁም። ካርዶቹ ሥራ ላይ የዋሉት በ1970 ሜክሲኮ ላይ ነው፤ በዚያ ዓለም ዋንጫ ደግሞ አንድም ቀይ አልታየም። ለልጅህ ይህንን ንገረውና የሰፈራችሁ ልጆች ሲጫወቱ ዳኛ ሆኖ እንዲሞክር አድርገው። ሁለት ካርድ ከካርቶን ቆርጣችሁ ሥሩለት። ፉጨት የሚነፋ ልጅ ሁሉም ሲጮህበት ምን እንደሚሰማው አንዴ ቢቀምሰው ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል።

ባለቤትህን በተመለከተ አጭር ነው። ልክ ናት። ልጁን ከሜዳ ያገደችው ኳስ ጠልታ አይደለም፤ የሰማችውን ሰምታ ነው። አሳምናት ብዬ አልመክርህም። ያደረግከውን ታይ። ቴሌግራሙን፣ ተጫዋቹን፣ የጎረቤቱን ልጅ። ከዚያ ራሷ ስትል ይሂድ። ከተቻለ እሷም አብራችሁ ትግባ።

የጓደኞችህ ነገር ቀረ። አብረሃቸው አትጩህ።

ዴቪድ ቤካምን አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1998 የዓለም ዋንጫ የአርጀንቲናውን ሲሞኔን በእግሩ ነካ አድርጎ በቀይ ወጣ። እንግሊዝ በፍፁም ቅጣት ምት ተሸንፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ያኔ 23 ዓመቱ ነው። ለንደን ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ፊት ለፊት በእሱ አምሳል የተሠራ አሻንጉሊት ተሰቀለ። በየስታዲየሙ ተጮኸበት። ሊጉ ሲጀመር የክለቡ የማንቼ የመጀመሪያው ጨዋታ በሜዳው፣ ከሌስተር ጋር ነበር። ኦልድትራፎርድ ግን አልጮኸበትም። ስሙን ጠርቶ ዘመረለት። በባከነ ሰዓት ቅጣት ምት መትቶ አገባና 2 ለ 2 አደረገው። በዚያው የውድድር ዓመት ማንቼ ሦስት ዋንጫ አነሳ። በ2001 ደግሞ ያው ሰው፣ እዚያው ኦልድትራፎርድ፣ ግሪክ ላይ በመጨረሻዋ ደቂቃ ቅጣት ምት አግብቶ እንግሊዝን ለዓለም ዋንጫ አሳለፈ። ያን ሁሉ ሲሆን እኔ ወጣት ነበርኩ። ማንቼን የወደድኩት በዋንጫው ነው ይሉኛል። አይደለም። ሁሉ ሲጥለው ሜዳው ስላልጣለው ነው።

የእናንተ ተከላካይ ቤካም አይሁን። ግን ከቅጣት ሲመለስ የመጀመሪያዋን ኳስ ሲነካ የሚሰማው ድምፅ የእናንተ ነው። በገዛ ሜዳው ከተጮኸበት ኳሷን ለማቀበል ይፈራል። ወደኋላ ይመልሳታል፣ ወይ በጭፍን ይጠልዛታል። ከዚያ ሌላ ጎል ይገባል፤ ጓደኞችህም «አላልናችሁም?» ይላሉ። ለጓደኞችህ ይህንን ንገራቸው። ሁሉንም ማሳመን የለብህም። ሁለት ሰው ይበቃሃል። ሲያሟሙቁ ስሙን ጠርታችሁ አጨብጭቡለት። ሁለት ሰው ሲያጨበጭብ ሦስተኛው ይከተላል፤ ሜዳ የገባ ሰው ይህንን ያውቃል። ካልሰሙህ ደግሞ ተነስተህ ሌላ ቦታ ተቀመጥ።

ልጅህ የሚመለስበት ቀን ሲመጣ የዚያን ቀን የልጁን እጅ ይዘህ ግባ፣ እንደያዝክም ቁጭ በል። እጁ የተያዘ ሰው አይወረውርም። ንዴቱ ከመጣ «ና ትንሽ እንውረድ» ብለህ ኦቾሎኒ የሚሸጡት ጋ ሂዱ። ሁለት ደቂቃ ያመልጣችኋል።

ስካርፏን ግን አንተ አታጥልቅለት። እጠባትና በሩ ጀርባ ላይ፣ እጁ በሚደርስበት ቦታ ስቀላት።